ፍጻሜ ያላገኘ ታሪክ ይፈውሳልን? የሕይወትን ታሪክ ስለ መጻፍ፣ ስለ ሐዘንና ስለ ጸሎት

ያልተላከ ደብዳቤ

ለዚህ መድረክ አባላት ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ታናሽ ወንድሜን በረጅም ሕመም ካጣሁ በኋላ፣ እርሱን ሳስታምም ያለፍኩበትን ጊዜ በማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ጀምሬ እስካሁን አላቋረጥኩም። መጀመሪያ ላይ ለማንም የማሳየት ሐሳብ አልነበረኝም፤ ቀን ከሰው ጋር ስሆን የማልናገረውን ማታ ለወረቀት እነግረው ነበር። ውሎ አድሮ ግን ጽሑፉ መልክ እየያዘ መጣ፤ ሕመሙ የተነገረን ዕለት፣ ተስፋ ያሳየን የሕክምና ወቅት፣ እኔና እናቴ በውሳኔ የተለያየንበት ጊዜ፣ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት እያለ በምዕራፍ ተከፋፈለ። ከጽሑፉም ጋር ጸሎቴ ተለወጠ። ቀድሞ የተማርኩትን ጸሎት በቃሌ እደግም የነበርኩት ሰው፣ አሁን በደብተሬ ላይ ከፈጣሪዬ ጋር ስሟገት እገኛለሁ።

ይህን ጥያቄ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ከምእመናን ማኅበራችን የመጣልኝ ግብዣ ነው። መጻፌን የሰሙ ሰዎች በጉባኤ ፊት ቆሜ ምስክርነት እንድሰጥ ጠይቀውኛል፤ ግብዣው በፍቅር የቀረበ መሆኑንም አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ንግግሬ በምን እንደሚያልቅ እኔ ሳላውቀው እነርሱ አስቀድመው ያወቁት ይመስላል። «እግዚአብሔር ለበጎ እንዳደረገው ተናግረሽ ብትጨርሺ ብዙዎች ይጽናናሉ» ብለውኛል። እኔ ግን እዚያ አልደረስኩም። አንዳንድ ቀን ለመድረስ የቀረብኩ ይመስለኛል፣ በማግሥቱ ደግሞ ያው ቁጣ ይመለሳል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ታሪክን መናገር የሚፈውሰው ታሪኩ መልካም ፍጻሜ ሲያገኝ ብቻ ነውን? ወይስ ያልተቋጨን ታሪክ እንደ ቆመበት መናገርም የራሱ ፈውስ አለው? በሃይማኖት ዓይንም ሆነ በሙያ ዓይን የምታውቁትን ብታካፍሉኝ በጥሞና አነባለሁ።

የዳዊት ደጋሚ

እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ ለወንድምዎም ነፍስ ዕረፍትን ይስጥ። ጥያቄዎ አዲስ አይደለም፤ ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ብዙ ቦታ ላይ ያነሣዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከመዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙራት ውስጥ ሲሶ ያህሉ የሐዘንና የአቤቱታ መዝሙር ነው። አብዛኞቹ በሙሾ ጀምረው በምስጋና ይጨርሳሉ፤ «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ የተነሣው ዘማሪ በጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ወደ መታመን ይሻገራል። ይህን ሽግግር የለመደ አንባቢ በዕብራይስጡ አቈጣጠር 88ኛ፣ በግዕዙ ዳዊት ደግሞ 87ኛ ከሆነው መዝሙር ሲደርስ ግር ይለዋል። ያ መዝሙር ወደ ምስጋና አይዞርም። ዘማሪው ቀንና ሌሊት እንደሚጮኽ ይናገራል፣ ነፍሱ መከራን እንደ ጠገበች ይናገራል፣ በመጨረሻም ወዳጁና ባልንጀራው ከእርሱ እንደ ራቁ ተናግሮ ዝም ይላል። መዝሙራቱን የሰበሰቡት ሰዎች አንድ የማጽናኛ ቁጥር ሊጨምሩበት ወይም ጭራሹን ሊተዉት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም፤ ሕዝቡ በጸሎት ሰዓት እንዲደግመው ከሌሎቹ ጋር አብረው አኖሩት። ስለዚህ ታሪክዎን ከቆመበት ሳያሻግሩ ቢያቀርቡ እምነት የጎደለው ነገር እንዳደረጉ አይቁጠሩት።

ኢዮብንም ልብ ይበሉ። ወዳጆቹ ሊያጽናኑት መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደ በረታ አይተዋልና አንዲት ቃል የተናገረው አልነበረም። እንደ እኔ አመለካከት ከዚያ በኋላ ካደረጉት ሁሉ የሚሻለው ያ ዝምታ ነው። ነገሩ የተበላሸው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቈጣው ሲሟገተው በኖረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በሦስቱ ወዳጆች ላይ ነው፤ «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገርን አልተናገራችሁምና» ይላቸዋል። እነርሱ እኮ ሲናገሩ የነበረው ፍጹም ሃይማኖታዊ የሚመስል ነገር ነበር። ስለ መጻፍም ከተነሣ፣ በ19ኛው ምዕራፍ ኢዮብ ቃሉ ምነው በተጻፈ፣ በመጽሐፍም ምነው በታተመ እያለ ይመኛል። ያን ሲመኝ ገና በዐመድ ላይ ነበር፤ የጠፋበት ሀብትም አልተመለሰለትም።

ነገረ ነፍስ

ሙያዬ የሥነ ልቦና ምክር ስለ ሆነ በዚያ በኩል የማውቀውን ልጨምር።

ስለ መጻፍና ስለ ጤና በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ነው። 46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተከታታይ ለአራት ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ጉዳይ ጻፉ፤ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለ ገጠማቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ ታዘዙ። ከእነዚህም ገሚሶቹ የሆነውን ድርጊት ብቻ፣ ገሚሶቹ ስሜታቸውን ብቻ፣ የቀሩት ደግሞ ድርጊቱንና ስሜቱን አጣምረው ጻፉ። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ወደ ጤና ማዕከል የመሄድ ድግግሞሻቸው የቀነሰው በዋናነት አጣምረው የጻፉት ናቸው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ የጽሕፈት ሰዓት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ይበልጥ አዝነው፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ነበር። ጽፈው ሲነሡ ልብዎ የሚከብድ ከሆነ መጻፉ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይተወዋል።

ለእርስዎ ጥያቄ የሚቀርበው ግን በኋላ የመጣው ሥራ ነው። ፔኔቤከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጽሑፍ የጸሐፊዎቹን ቃላት ሲመረምሩ፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ በመጨረሻው ቀን «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «አሁን ገባኝ» የመሳሰሉ የማያያዣና የማስተዋል ቃላት የበዙላቸው ሰዎች እንደ ሆኑ አገኙ። ገና ከመጀመሪያው የተሰናዳና የተቋጨ ታሪክ ይዞ የመጣ ሰው ያን ያህል አልተጠቀመም። ይህ ማለት የሚጠቅመው ታሪኩ በደስታ ማለቁ ሳይሆን፣ የተበታተነው ነገር በጸሐፊው እጅ ቀስ በቀስ መያያዙ ነው። እርስዎ ጽሑፌ መልክ እየያዘ መጣ፣ በምዕራፍም ተከፋፈለ ያሉት በትክክል እርሱን ነው።

መጠኑን ግን ማጋነን አይገባም። ጆአን ፍራታሮሊ እ.ኤ.አ. በ2006 የ146 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ስታጠቃልል ጥቅሙ እውነተኛ ሆኖም በአማካይ አነስተኛ መሆኑን አሳይታለች። መጻፍ መድኃኒት ወይም ሕክምና የሚተካ ነገር አይደለም።

ስለ ጉባኤው ደግሞ አንድ ነገር ላክል። አስደንጋጭ ነገር የደረሰበትን ሰው ወዲያውኑ፣ በአንድ ጊዜ ቆይታ፣ ሁሉንም እንዲናገር ማድረግ በአንድ ወቅት እንደ መልካም ርዳታ ይቈጠር ነበር። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ግምገማ ይህ ዓይነቱ አሠራር የድኅረ አደጋ ጭንቀትን እንደሚከላከል ማስረጃ እንደሌለ ደምድሞ፣ ሰዎችን እያስገደዱ ማናገር እንዲቆም መክሯል። የእርስዎ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው፤ ጊዜ አልፎበታል፣ በገዛ ፈቃድዎም ጽፈውታል። መርሑ ግን ያው ነው፤ መቼ፣ ለማንና ምን ያህል እንደሚናገር መወሰን ያለበት የታሪኩ ባለቤት ነው።

ተጠራጣሪ

ሁሉም ሰው ይጻፍ የሚለው ምክር እጅግ ሲበዛብኝ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ላሰማ። ሐዘኑን በየማታው የሚጽፍ ሰው ሁሉ እየዳነ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ አንዳንዱ እየቈዘመ ነው። ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሙያ ዘመናቸውን የሰጡት ለዚሁ ጉዳይ ነበር፤ ስለ ስሜቱና ስለ ስሜቱ መነሻ ሳያቋርጥ የሚያውጠነጥን ሰው ድብርቱ እንደሚረዝምና እንደሚበረታ በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ደብተር ደግሞ ለቁዘማ የተመቸ ቦታ ነው፤ የሚያቋርጥህ ሰው የለም።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ትርጉም ፍለጋ ላይ ነው። ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፈው የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል በመከራ ውስጥም ትርጉም ይገኛል ስላለ፣ ሰው ሁሉ ከመከራው ትርጉም የማውጣት ግዴታ ያለበት አስመስለው የሚያስተምሩ በዝተዋል። ፍራንክል ራሱ ግን ትርጉም ለማግኘት መከራ የግድ አስፈላጊ እንዳልሆነ፣ ሊወገድ የሚችል መከራ ካለም ትርጉም ያለው ተግባር መንሥኤውን ማስወገድ እንደ ሆነ ጽፏል። አንዳንድ ሞት እንዲሁ ሞት ነው። «ለምን?» ለሚለው መልስ ሳያገኙ በሰላም የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ነገረ ነፍስ

ለ«ተጠራጣሪ»፦ የሚሉት ትክክል ነው፣ ልዩነቱንም ለይቶ ማየት ይገባል። ቁዘማ ያንኑ ገጽ ደግሞ ደጋግሞ መጻፍ ነው፤ ጸሐፊው ከሦስት ወር በፊት የጻፈውንና ትናንት የጻፈውን ጎን ለጎን ቢያነብ አዲስ ሰው፣ አዲስ ጥያቄ፣ አዲስ ዝርዝር አያገኝበትም። ኢታን ክሮስና ኦዝሌም አይዱክ ያካሄዷቸው ጥናቶች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ሰው የሚያሠቃየውን ትዝታ በዚያው ቅጽበት ውስጥ ገብቶ እንደ ገና ሲኖረው ስሜቱ ይባባሳል፤ ራሱን ከውጭ እንደሚያይ ሆኖ ለምን እንዲያ እንደ ተሰማው ሲጠይቅ ግን ሥቃዩ ይቀንሳል፣ ማስተዋሉም ይጨምራል። የጠያቂያችን ደብተር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ከርሳቸው በቀር ሊያውቅ የሚችል የለም። ለመሞከር ያህል አንዱን ምዕራፍ «እኔ» በማለት ፈንታ «እርሷ» እያሉ ሊጽፉት ይችላሉ፤ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ይገልጣል።

ሙሐሰባ

አሰላሙ ዐለይኩም። እኅታችንን አላህ ያጽናት። ከላይ ስለ ኢዮብ የተባለውን ሳነብ በእኛ ዘንድ ያለው የያዕቆብ ታሪክ ትዝ አለኝ።

በቁርኣን 12ኛ ምዕራፍ፣ በሱረቱ ዩሱፍ፣ ነቢዩ ያዕቆብ የልጁን የዩሱፍን መጥፋት ሲሰሙ መልካም ትዕግሥትን እንደሚይዙ ይናገራሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሁለተኛው ልጅ ሳይመለስላቸው ሲቀር ያንኑ ቃል ይደግሙታል። ብዙ ሰባኪ እዚህ ላይ ያቆምና ትዕግሥት ማለት ዝምታ እንደ ሆነ ያስተምራል። የሚቀጥለው አንቀጽ ግን ከሐዘናቸው የተነሣ ዓይኖቻቸው ነጭ እንደ ሆኑ ይናገራል። ልጆቻቸው ዩሱፍን ከማንሣት አትቦዝንም ብለው ሲነቅፏቸው ደግሞ፣ ብሶታቸውንና ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ወደ አላህ ብቻ እንደ ሆነ ይመልሱላቸዋል። የታገሡትም ያለቀሱትም ያው አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላፈረሰውም። እንግዲህ እኅታችን በደብተሯ ላይ ከፈጣሪዋ ጋር መሟገቷን እንደ ነውር ባትቈጥረው መልካም ነው፤ አቤቱታን ወደ ጌታ ማቅረብና ጌታን መክሰስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የት ላይ እንደሚለያዩም የምታውቀው እርሷና ጌታዋ ናቸው።

የራስን ታሪክ በመጻፍ ረገድ ደግሞ የታላቁን የእስልምና ሊቅ የኢማም አል ገዛሊን ነገር ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1095 ኒዛሚያ በተባለው የባግዳድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የታወቁ መምህር ሳሉ በውስጣቸው ከበረታው ቀውስ የተነሣ አንደበታቸው ተያዘ፤ በተማሪዎቻቸው ፊት ቆመው ቃል ማውጣት ተሳናቸው፣ ምግብም እምቢ አላቸው። ሐኪሞቹ ነገሩ ከልብ የመነጨ እንደ ሆነ ተናግረው እጃቸውን አነሡ። ኢማሙ ሹመታቸውን ትተው ሄዱ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሳቸው ስለ ጻፉት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ያን ያህል የተከበሩ ሊቅ የጥርጣሬያቸውን ዘመን ሳይሸፍኑ መጻፋቸው ነው፤ ዝናን ፍለጋ ያስተምሩ እንደ ነበር እንኳ አልደበቁም። በቀውሱ መካከል ሳሉ ግን ቆመው እንዲናገሩ ቢጠየቁ ኖሮ በእርግጥ ሊናገሩ አይችሉም ነበር፤ አንደበታቸው ተይዞ ነበርና።

የመድረክ ስሜም ከዚሁ መስመር የመጣ ነው። ሙሐሰባ ሰው በቀኑ መጨረሻ ነፍሱን የሚመረምርበት ልማድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ857 ያረፉት አል ሙሐሲቢ መጠሪያቸውን ያገኙት በዚሁ ነው። እኔ ይህን በጽሑፍ አደርገዋለሁ። ከሕይወት ታሪክ የሚለየው የአንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው፤ ትርጉሙን ዛሬውኑ እንድጨርሰው አያስገድደኝም።

ያልተላከ ደብዳቤ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለ«ነገረ ነፍስ» ምክር፣ አንዱን ምዕራፍ «እርሷ» እያልኩ ጻፍኩት። የመረጥኩት ከእናቴ ጋር የተለያየንበትን ክፍል ነበር። እኔ ሕክምናው እንዲቀጥል፣ እናቴ ደግሞ ልጇ በቤቱ በሰላም እንዲያርፍ ትፈልግ ነበር፤ በደብተሬ ላይ እስካሁን የነበረው የእኔ ክርክር ብቻ ነው። ራሴን «እርሷ» ብዬ ስጽፍ ግን እናቴም አብራ ሰው ሆነች፤ የምትፈራው ነገር ምን እንደ ነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩ። ቁጣዬ ጠፍቷል አልልም፤ ነገር ግን የሚቈጣበት ሰው ቀንሶበታል።

ከዚህ የተነሣ ግን አዲስ ጭንቀት መጣብኝ። ይህን ታሪክ በጉባኤ ፊት ብናገር የምናገረው የእኔን ብቻ አይደለም፤ የእናቴንና ራሱን መግለጥ የማይችለውን የወንድሜንም ጭምር ነው። ለ«ተጠራጣሪ» ደግሞ ይህን ልበል፤ መልስ ሳያገኙ በሰላም መኖር እንደሚቻል ማንበቤ ከብዙ ማጽናኛ ይልቅ አሳርፎኛል፣ ምንም እንኳ እኔ መጠየቄን ለመተው ባልችል።

አስታማሚ

እኔ በሙያም በቤቴም ሕሙማንን ያስታመምኩ ሰው ነኝና ስለ መስማት ትንሽ ልናገር። በዚህ ውይይት ላይ ስለ ተናጋሪው ብዙ ተባለ፣ ስለ ሰሚው ግን ከኢዮብ ወዳጆች በቀር የተነሣ ነገር የለም። ታሪክ የሚፈውሰው ግማሹ በሰሚው ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው ሐዘኑን እየነገረህ ሳለ ቶሎ የማጽናኛ ቃል የምትወረውርለት ብዙውን ጊዜ ለእርሱ ብለህ አይደለም፤ ታሪኩ አንተን ስላስፈራህ ነው። ማኅበሩ የተመረጠ መደምደሚያ የጠየቀው ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል፤ ክፋት የለበትም፣ ፍርሃት ግን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበር ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እዚያ ሰው ታሪኩን ሲናገር ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ምን እንደ ደረሰ፣ አሁንስ ምን እንደሚመስል በሚል ቅርጽ ይናገራል፤ ስለዚህ እነርሱም የሚጠበቅ አካሄድ አላቸው። ነገር ግን በብዙዎቹ ስብሰባዎች አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፣ አያርመውም፣ ምክርም አይሰጠውም፤ የሚናገረውም ሰው ስሙ ከዚያ ክፍል እንደማይወጣ ያውቃል። «አሁን» የሚለው ክፍልም «ዛሬን ሳልጠጣ ዋልኩ» ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገን እንዲምል የሚጠይቀው የለም።

ስለ እናትዎና ስለ ወንድምዎ ያነሡት ጭንቀት ተገቢ ነው። እናትዎ በሕይወት ስላሉ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚመለከታቸውን ክፍል አስቀድመው ያንብቡላቸው፣ አይነገር ካሉም አይነገር። ያረፈ ሰው ግን ሊጠየቅ ስለማይችል ጥበቃው ይበልጥ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። እኔ የምከተለው ልማድ ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ከሰው ይሰውረው የነበረውን ነገር ከሞተም በኋላ አለመናገር ነው። የሥቃዩን ሰዓታት፣ የሰውነቱን መድከም፣ በድካም የተናገረውን ቃል ለደብተሩ ይተዉለት።

የዳዊት ደጋሚ

«ለበጎ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከዮሴፍ ታሪክ ስለ ሆነ፣ ያን ቦታ ከዘመን አቈጣጠሩ ጋር አብረን ብናየው ይጠቅማል።

ዮሴፍ በታሪኩ መግቢያ ላይ 17 ዓመቱ ነው። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመት ሆኖታል። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው፣ ከራቡም ሁለት ዓመት ተቈጥሮ ራሱን ለወንድሞቹ ሲገልጥ 39 ዓመት ገደማ ይሆነዋል ማለት ነው። ሕይወትን ለማዳን እግዚአብሔር ከእናንተ በፊት ሰደደኝ ያላቸው ያን ጊዜ ነው፤ ከተሸጠ 22 ዓመት ያህል አልፏል። «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» የሚለውን የተናገረው ደግሞ ከዚያም 17 ዓመት ቆይቶ፣ ማለትም ከተሸጠ 39 ዓመት ያህል አልፎ፣ አባቱ ከሞተ በኋላ ነው። የታሪኩ ትርጉም የተነገረው ይህን ያህል ዘግይቶ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ዮሴፍ በመካከል የበኵር ልጁን ምናሴ ብሎ ሲሰይም፣ እግዚአብሔር መከራዬንና የአባቴን ቤት ሁሉ አስረሳኝ ብሎ ነበር። ከማንም በላይ የተቋጨ ምስክርነት ይመስላል። ነገር ግን ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ በመጡ ጊዜ ፈቀቅ ብሎ አለቀሰ፤ ብንያምን ባየ ጊዜ እልፍኙ ገብቶ አለቀሰ፤ ራሱን ሲገልጥም ጩኸቱ በፈርዖን ቤት እስኪሰማ አለቀሰ። ረሳሁ ያለው ሰው አልረሳም ነበር። መጽሐፉ ግን ስለዚህ አይወቅሰውም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል።

የመጨረሻው ነጥቤ የተናጋሪው ማንነት ነው። ያን ቃል የተናገረው የተሸጠው ሰው ራሱ ነው። ከሸጡት አንዱ፣ ወይም ከዳር ሆኖ ያየ ሰው፣ ሁሉ ለበጎ ሆነልህ ቢለው ኖሮ ቃሉ ያው ሆኖ ነገሩ ግን ግፍ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለማኅበርዎ አባላት፣ «የምትሉት ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ የምናገረው ግን ወደ እኔ ሲመጣ ነው» ብሎ መመለስ ትዕቢት አይደለም።

ተጠራጣሪ

የዮሴፍን ዓመታት እንዲህ ቈጥሬ አላውቅም ነበር። ሃይማኖተኛ ባልሆንም ይህ ከብዙ የሥነ ልቦና መጻሕፍት ይልቅ አሳምኖኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ 22 ዓመትም ሆነ 39 ዓመት ጠብቆ ያ ቃል የማይመጣለት ሰው እንዳለ አትርሱ፤ የእርሱም ታሪክ ይደመጥ።

ነገረ ነፍስ

ከዚህ በላይ በነገሩ ላይ የምጨምረው ስለሌለኝ ወደ አፈጻጸሙ ልለፍ፤ በግል መልእክት የጠየቁኝም ስላሉ ለሁሉም እዚህ እመልሳለሁ።

በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጻፍ ይበቃል። ለመኝታ ሲቃረቡ ባይሆን ይመረጣል፤ ከጻፉም በኋላ ወደ ሥራ ወይም ወደ ሰው ከመመለስ በፊት ጥቂት የማረፊያ ጊዜ ይተዉ። ስለ ፊደል ግድፈትና ስለ አጻጻፍ ውበት አይጨነቁ፣ ለማንም ለማሳየትም አያስቡ፤ የጻፉትን ቀድዶ መጣልም ይቻላል። ፔኔቤከር አንድ ጉዳይ ከአቅም በላይ ሆኖ ከተሰማ ሌላ ጉዳይ እንዲመረጥ ወይም መጻፉ እንዲቆም ይመክራል፤ እኔም ይህን ከሁሉ አስቀድማለሁ። ሰው የማይችለውን በር በግድ መክፈት የለበትም።

በጦርነት፣ በጥቃት ወይም በሌላ አስከፊ ነገር ያለፈ ሰው ግን ይህን ለብቻው ባያደርገው እመርጣለሁ። ለእነዚህ ሰዎች የተዘጋጀ የትረካ ሕክምና አለ፤ ታካሚው ገመድ ዘርግቶ የሕይወቱን መልካም ጊዜያት በአበባ፣ ክፉዎቹን በድንጋይ እያመለከተ ከልደቱ እስከ ዛሬ ድረስ ያስቀምጣቸዋል፣ ቀጥሎም ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በቅደም ተከተል ይተርካቸዋል። በቅደም ተከተል የሚሆነውም በምክንያት ነው፤ አስደንጋጭ ትዝታ ቀንና ቦታ ስለሌለው ዛሬም እየሆነ ያለ ይመስላል፣ በታሪኩ መስመር ላይ ቦታውን ሲያገኝ ግን ያለፈ ነገር ይሆናል።

እንቅልፍ ከጠፋ፣ ቅዠቱ ከበዛ፣ የዕለት ሥራን መሥራት ካቃተ፣ ስሜት ሁሉ የደነዘዘ ከመሰለ መጻፉን አቁሞ ባለሙያ ማማከር ይገባል። የመሞት ምኞት ከመጣ ደግሞ ሳይውል ሳያድር፣ በዚያኑ ሰዓት፣ ለአንድ የቅርብ ሰው ተናግሮ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የሃይማኖት አባት ማነጋገርም መልካም ነው፤ ሕክምናውን ግን አይተካውም።

ያልተላከ ደብዳቤ

የማኅበሩን ሰዎች አነጋገርኳቸው። በጉባኤ ፊት እንደማልቆም፣ ነገር ግን ሰው ያጡ ጥቂት አባላት አንድ ላይ ተቀምጠው እየተደማመጡ የሚነጋገሩበት ሰዓት ቢኖር ደስ እንደሚለኝ ነገርኳቸው። አንዱ ቅር ተሰኘ፤ ሌላዋ ደግሞ ልጇን ካጣች ጀምሮ ይህን የሚጠይቅ ሰው ስትጠብቅ እንደ ኖረች ገለጸችልኝ። ለእናቴ የሚመለከታትን ክፍል አነበብኩላት። ሁለት ቦታ ላይ እንዲህ አልነበረም ብላ አረመችኝ፤ አንደኛውን ተቀብዬ አስተካከልኩ፣ በሁለተኛው ግን እስካሁን አልተስማማንም።

ለ«ሙሐሰባ» አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ነፍስዎን በጽሑፍ የሚመረምሩት ከጸሎት በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሙሐሰባ

ከጸሎት በኋላ ነው እኅቴ። ከጸሎት በፊት ስጽፍ ራሴን ለመከላከል እቸኩላለሁ።